የሐጃ ኑሃድ ፍርድ

እኔና በቱል የምንሠራው አንድ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ሱቁ ያለው በክርስቲያኖቹ ሠፈር በዓይን ሩማኔና በሺዓዎቹ ሠፈር በሺያህ መካከል፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አነጣጣሪ ተኳሾች ሰውን እንደ ወፍ ይለቅሙበት በነበረው መንገድ ዳር ነው። እኔ ማሮናዊት ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሺዓ ናት። ቤይሩት ውስጥ የትዳርን ነገር መንግሥት አይዳኘውም፤ እሷን ሼሁ ይዳኟታል፣ እኔን የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ይዳኘኛል።

ባሌ ቆጵሮስ ገብቶ ከሌላ ሴት ወልዷል። ቀሳውስቱ ግን ዛሬም ሚስቱ ነሽ ይሉኛል። በቱል የተፈታችው በአንድ ከሰዓት ነው። ችግሩ፣ ልጇ ሀይደር ሁለት ዓመት ሲሞላው ለአባቱ ይሰጣል፤ ሕጋቸው እንዲያ ነው።

«እኔ ልጄን ይወስዱብኛል» አለችኝ አንድ ቀን፣ መርፌዋን በጥርሷ እንደያዘች። «አንቺ ግን ባልሽን እንኳ የሚወስድልሽ አጣሽ!»

«እንለዋወጣ! አንቺ ቄሱ ጋ ሂጂ፣ እኔ ሼሁ ጋ።»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

መጋቢት ላይ ሀይደር ሁለት ዓመት ሞላው፤ ሼሁም ፈረዱ። በቱል አልሰጥም ብላ እንቢ ስትል ፖሊሶች ሱቅ ድረስ መጥተው ወሰዷት። ልጁ እኔ ጋ ቀረ፤ ከእቅፌ የተቀበለኝ አባቱ ጀዋድ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ ግን አልቻለም። ልጁ ፀጉሬን ጨብጦ አልለቅም ስላለ ጣቶቹን ራሴ አላቀቅኳቸው። ያን እጄን ለብዙ ጊዜ ጠላሁት።

በማግስቱ የሠፈሩ ሴቶች ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጥን፤ ሂጃብ ያደረገችውም፣ መስቀል ያንጠለጠለችውም። «ለሁላችን አንድ ሕግ!» እያልን ጮኽን። የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ፣ ቀረጹን፣ ሄዱ። በቱልም ፍርዱን ተቀብያለሁ ብላ ፈርማ ወጣች። ልጇን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንድታይ ተፈቀደላት።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድላት አለ። ስፌቷ ይጣመም ጀመር፤ እሷ ሳታይ እየተረተርኩ አቃናላት ነበር።

አንድ ጠዋት የሱቁ በር ተከፈተና የጀዋድ እናት ሐጃ ኑሃድ ሀይደርን አቅፈው ገቡ። በቱል ዘላ ተነሳች።

«ሐጃ፣ ዛሬ እኮ ቀኔ አይደለም።»

«ቀን የሚቆጥር እስረኛ ነው። እንኪ ያዢው፣ ቁርስ አልበላም ብሎኛል።»

«ጀዋድ ቢያውቅስ?»

«ይወቃ! የወለድኩት እኔ አይደለሁ?» ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከጀዋድ አባት በፊት ሌላ ባል ነበረኝ። የበኩር ልጄን በሁለት ዓመቱ ወሰዱብኝ። ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው አልለየውም፣ በቱል። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ። አሁን ማን ያስረኛል?»

በቱል ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

ጀዋድ ማወቁ አልቀረም። መጥቶ ደጃፉ ላይ ተገተረ።

«ወይ ግባና ተቀመጥ፣ ወይ ሂድና ሼሁን ጥራ» አሉት እናቱ።

አልገባም። ሼሁንም አልጠራም።

ሕጉ እስካሁን አልተለወጠም። የእኔም ጉዳይ ቀሳውስቱ ዘንድ እንደተኛ ነው። ሀይደር ግን ሐጃ እያመጡት በየጠዋቱ ቁርሱን ከእናቱ እጅ ይበላል። ሰሞኑን ሐጃ ጉንፋን አስተኝቷቸው ሳይመጡ ቀሩ። በቱል የምስር ሾርባ ሠርታ በእኔ እጅ ላከችላቸው፤ እሷ ሐጃ ከጀዋድ ጋር የሚኖሩበትን ቤት እንድትረግጥ አይፈቀድላትማ።