የአያ አንሙት ጨጓራ ቅርጫ

አያ አንሙት ጨጓራቸው ከተነሳባቸው ስምንት ወር ሆናቸው። ወንድማቸውን የወሰደው የጨጓራ ካንሰር ነውና ባለቤታቸው ማንጠግቦሽ ቁርጡን እስክታውቅ እህል አልወርድላት ብሏል። ባለፈው ወር ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ መጥተው ጨጓራ የሚያየውን ቱቦ ውጠው ነበር፤ መልሱ ግን «ናሙናው አይበቃም» የሚል ሆነ። ማንጠግቦሽ አለቀሰች። አንሙት፣ ለማንም አይናገሩት እንጂ፣ ቀለል አላቸው።

«ዛሬስ ምን ቀመሱ?» አለች ሐኪሟ ሔዋን፣ ለሁለተኛው ምርመራ ሲመጡ።

«ምንም! ከትናንት ጀምሮ እህል የሚባል አልነካሁም።»

«እምነቱስ?» አለች ማንጠግቦሽ ከበሩ።

«እምነት ምግብ ነው እንዴ፣ አንቺ?»

ለካ ጎሕ ሲቀድ የቤተ ክርስቲያኑን እምነት በጠበል በጥብጠው አንድ ጣሳ ጨልጠዋል። ባለፈውማ ሁለት ነበር።

«አባቴ፣ ባለፈው ጨጓራዎ አመድ የነፉበት ምድጃ የመሰለኝ ለዚህ ነዋ!»

እስከ ስምንት ሰዓት አስጠበቀቻቸው። ከዚያ አምስት ቦታ እንደምትቆነጥር ነገረቻቸው።

«አምስት? አንዱ ምን አነሰው?»

«አንተ ሰውዬ» አለች ማንጠግቦሽ፣ «የፋሲካውን በሬ ስትመድብ ለአንዱ ሻኛ ብቻ፣ ለሌላው አጥንት ብቻ ሰጥተህ ታውቃለህ?»

ይቺ ነካቻቸው። ሃያ ዓመት የሰፈሩን ቅርጫ ሲመድቡ ከየብልቱ ሳይደርሰው የሄደ ሰው የለም።

«በሽታውም አንዱ ጋ ጠፍቶ ሌላው ጋ ሊደበቅ ይችላል» አለች ሔዋን። «ከታች ሁለት፣ ከመሐል ሁለት፣ ከእጥፋቱ አንድ።»

«ዕጣም ታወጪለታለሽ?» ብለው በግራ ጎናቸው ተኙ።

ሔዋን ጨጓራውን በውኃ አጥባ፣ በቱቦው ውስጥ ቀጭኗን መቆንጠጫ ሰደደች። አንድ ስታወጣ አንሙት አንድ ጣት አነሱ። ሁለት። ሦስት። አራት። አራቱም የኑግ ፍሬ ያካክላሉ። ነርሷ አምስተኛውን ብልቃጥ ውስጥ ስትከተው ግን ዓይናቸው ተከተለው፤ ከጤፍ ያነሰ ነው። ሔዋን ቱቦውን ልትስብ ስትል አልጋውን በመዳፋቸው መቱት፤ ወደ ብልቃጡ ጠቆሙ፤ አምስተኛ ጣታቸውን መልሰው አጠፉት።

«አነሰ ነው የሚሉኝ?»

እንባ ባቀረረ ዓይናቸው አፈጠጡባት። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳችው፤ እውነታቸውን ነው። ደገመችው።

ቱቦው ሲወጣ፣ «አሁንስ አይበቃም አይሉም?» አሉ በደነዘዘ ምላስ።

«አይሉም። መልሱ በአሥር ቀን ይደርሳል።»

አንሙት ከአልጋው ወረዱ። ጫማቸውን ለማጥለቅ ሁለት ጊዜ ሳቱት። ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብላ አጠለቀችላቸውና፣

«በዘጠነኛው ቀን መጥተን እዚሁ እናድራለን» አለች።