የተጠረጉት ደጆች

መንግሥት ለድንበሩ አካባቢ በጀት መድቦ ከኢታንግ ወዲያ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ሃያ የቆርቆሮ ቤቶች ካሠራ አራት ወር አልፎታል። አንድም ሰው አልገባባቸውም። ቁልፎቹን እንድታስረክብ ከጋምቤላ ከተማ የተላከችው አይናለም ናት፤ ከደጋ መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ።

እዚያ የነበረውን መንደር ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከብት ዘራፊዎች አቃጥለውት ነበር። የተረፉት ሰዎች ኢታንግ ዘመድ ቤት ተጠግተው ኖረዋል። አዲሶቹ ቤቶች የቆሙትም የድሮዎቹ በነበሩበት ቦታ ነው።

«ለምን አትገቡም?» ብላ ኢታንግ ላይ ስትጠይቅ፣ ኛዊዩዋል የምትባል የአምስት ልጆች እናት መለሰችላት።

«ሰው አለበት።»

«ማን?»

ኛዊዩዋል ትንሹን ልጇን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ወደ ቤቶቹ ስትሄድ ጥበቃው ኩዋኒ ተቀበላት። «እህቴ፣ አንቺ ራስሽ እዪው» ብሎ ይዟት ዞረ። የሃያውም ቤት ደጅ ተጠርጓል። አንድ ቅጠል እንኳ አልወደቀበትም። አፈሩ ላይ የመጥረጊያው ጭረት ተሰልፏል፤ የእግር ዱካ ግን የለም።

«አንተ ነህ የጠረግኸው?»

«እኔ አይደለሁም። በየቀኑ ጠዋት እንዲህ ሆኖ ነው የማገኘው።»

አይናለም ሳቀች። ሳቋ ከባዶዎቹ ቤቶች ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰላት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከኩዋኒ ጋር ከአንዱ ቤት ጥግ ተቀምጣ ጠበቀች። ወንዙ ላይ ጭጋጉ ሳይገፈፍ አንድ ታንኳ ቀረበ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ አሮጊት ወርደው የሣር መጥረጊያ አወጡ። ከበሩ ጀምረው ወደ ኋላ እየሄዱ፣ የራሳቸውን ዱካ ራሳቸው እያጠፉ ጠረጉ።

አይናለም እፎይ ብላ ቀርባ ሰላም አለቻቸው። ኛኪም ይባላሉ፤ መንደሩ የተቃጠለ ጊዜ ወንዙን ተሻግረው እንደሸሹ ማዶ ቀርተዋል።

«ይሄ የእኔ ቤት ነበር» አሉ። «ያ የእህቴ፣ ያ ደግሞ የባሌ ወንድም። አዲስ ቤት ሲሠራ አየሁ። ደጁ ቆሽሾ እንዴት ዝም ልበል?»

«ታዲያ ማማ፣ ሃያውን ሁሉ ብቻዎን እንዴት ቻሉት?»

ኛኪም ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ ሦስቱን ብቻ ነው። ወገቤ መች ይችላል? ሌላውን ስመጣ ተጠርጎ አገኘዋለሁ።»

ይህን ሲሉ ከመጨረሻው ረድፍ የመጥረጊያ ድምፅ ተሰማ። ሽር... ሽር... ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል። ንፋስ አልነበረም። ኩዋኒ የአይናለምን ክንድ ጨበጠ።

«ሦስታችንም እዚህ ነን» አላት በሹክሹክታ።

ወደዚያው ሄደች። ስትደርስ ድምፁ ቆመ። ደጁ ላይ አቧራው ገና አልረጋም። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም በእሷው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ስትመለስ ኛኪም ታንኳቸውን እያሰሩ ነበር። «ኢታንግ ውሰጂኝ» አሏት።

ኢታንግ ሰዉ ተሰብስቦ አዳመጣቸው። ኛዊዩዋል እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ሌላውን ማነው የሚጠርገው?» አለች።

«በእሳቱ የቀሩት ባለቤቶቹ ናቸዋ!» አሉ ኛኪም። «ምኑ ያስፈራል? ሁሉንም በስማቸው ታውቂያቸዋለሽ።»

ክረምቱ ሳይገባ በድሮ ቦታቸው የገቡትን ኛኪምን ጨምሮ አሥራ አንድ ቤተሰብ ገባ። ሰው ያልገባባቸው ዘጠኙ ቤቶች ጠዋት ጠዋት መጠረጋቸው አልቀረም። አይናለም በሪፖርቷ «ባዶ» ብላ ልትጽፍ እጇ እምቢ አላት፤ ቁጥራቸውን ብቻ አስፍራ አለፈች።

ኛዊዩዋል የወሰደችው ያን ዕለት ድምፁ የተሰማበትን የመጨረሻውን ረድፍ ቤት ነው። ከእሳቱ ያልወጣችው እናቷ ቤት እዚያ ነበር። የገባች ዕለት አይናለምም እዚያው አደረች። ሲነጋ አብረው በሩን ከፈቱ። ደጁ አልተጠረገም። ቅጠሉ እንደወደቀ ነው፤ የሌሊቱ አቧራም እንዳለ።

ኛዊዩዋል ደፉ ላይ ተቀምጣ «ደጁን ለእኔ ተወችልኝ» ብላ ብዙ አለቀሰች። አይናለም አጠገቧ ተቀመጠች።