ተቀባይ የሌለው ዘፈን

ጀማሉዲን የሙዚቃ አቀናባሪ ነው፤ ያውም ደሴ ውስጥ «ይህን ዘፈን ለሱ ስጡት» የሚባልለት። ስቱዲዮው ፒያሳ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ፣ መስኮቱ ሁልጊዜ የተዘጋ ጠባብ ክፍል። በዚያች ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰው የሚሞላ ኦርኬስትራ አለው ቢባል ማን ያምናል? አለው ግን፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ። ቫዮሊን በለው፣ ቼሎ በለው፣ ጥሩምባ በለው፣ ጣቱን ሲያሳርፍ ሁሉም ብድግ ይላሉ። አያረፍዱም፣ አያኮርፉም፣ ምሳ አይሉም። ሰው ደግሞ የሚታዘዝለት ሲበዛ ማዘዝ ይወዳል።

ያን ሰሞን ግን ከዚያ ሁሉ ቫዮሊን ሥር የአንዲት የሞተች ልጅ ትንፋሽ ይሰማው ነበር።

ልጅቱ ረውዳ ትባላለች። የሐርቡ ገበሬ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ግጥሙም ዜማውም የራሷ የሆነ አንድ ዘፈን ነበራት። አንድ ረቡዕ፣ በእረፍት ቀኗ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ መጣች። የደሴን ብርድ አልለመደችውምና ሻርፗን እስከ አፏ ጠቅልላው ነበር። ማይኩ ፊት ስትቆም ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገችውና ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጭብጨባ ብቻ ዘፈነች።

ሂድ እያለ አፌ፣ ልቤ ቅር አለው፤
መንገዱን ጠይቁት፣ የማን ወገን ነው?

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ስቱዲዮውን ከጀማሉዲን ጋር በጋራ የያዘው ኪቦርድ ተጫዋቹ አግማስ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ሲጠርግ ታየ፤ ሲጠየቅ ጉንፋን ነው አለ።

ጀማሉዲን ያኔ «በቃ፣ አለቀ» ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ ባልኖረ። እሱ ግን የወደደውን ነገር ሳይነካ መተው አይሆንለትም። «ይኼማ ኦርኬስትራ ነው የሚገባው» አለ። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚለውን ተረት ያውቀዋል፤ ተረት ግን የሚታወሰው ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ያስቸገረው ረውዳ በየሁለት ስንኙ ዝም ማለቷ ነበር። ሁለት ስንኝ ትልና ታቆማለች። ትንሽ ቆይታ ትቀጥላለች። ዝምታው ረጅም ነው፤ ደግሞም እኩል አይደለም፤ የኋለኛው ከፊተኛው ይረዝማል። ቫዮሊኖቹ በኮምፒውተሩ ምት ነው የሚሄዱት። እሷ ልትቀጥል አፏን ስትከፍት እነሱ ጥለዋት ሄደዋል።

«ለምንድን ነው የምትጠብቂው?» አላት።

«እንጃ ጋሼ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«አሳጥሪው።»

ማሳጠር አቃታት። በሳምንቱ ጠራት፤ መጣች፤ አልሆነም። ደግሞ ጠራት። በሦስተኛው ከምቱ ጋር ትንሽ ገጠመች፤ ግን ድምፅዋ ፈርቷል፤ ልክ አስተማሪ ፊት እንደሚያነብ ተማሪ ሆናለች። በአራተኛው ደውሎ «ቅዳሜ አንድ ጊዜ ነይ» አላት። የዚያን ሳምንት ተራዋ የሌሊት ፈረቃ ነበር።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው አይበቃም?» አለችው።

«አይበቃም ረውዳ። አልቻልሽውም እኮ።»

እንዲህ ነው ያላት፣ ቃል በቃል። ቅዳሜ ጠዋት የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ተገለበጠ። ከተሳፋሪዎቹ የሞተችው እሷ ብቻ ነበረች።

ለቀብሯ ሐርቡ ወርዶ ከሰው ኋላ ቆሞ ተመለሰ። ማን ነህ ያለው የለም። ቤተሰቦቿ የሚያውቁት ለዘፈኗ ስትመላለስ እንደነበር ብቻ ነው። ጀማሉዲንም በዚያው ሳምንት ሥራውን ቀጠለ፤ እንዲያውም ባሰበት። ዘፈኑ ግሩም ሆኖ ካለቀ፣ መንገዷ ለከንቱ አልሆነም ማለት ነው ብሎ አሰበ። ሰው ሲጨንቀው የማያስበው የለም።

ከሦስቱ ቀረጻዎች ቁራጭ ቁራጩን ለቅሞ ሰፋው። ዝምታዎቿን ቆረጠ። ቆርጦ ያልጨረሰውን በቫዮሊን ሞላ። ትንፋሹ መሰማት የጀመረው ያኔ ነው። ዝምታው የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከቫዮሊኑ ሥር፣ ትንፋሹን ስቦ የሚጠብቅ ሰው ይሰማዋል። ፈልጎ አጠፋው፤ መልሶ ሲያዳምጥ አለ። የረውዳን ድምፅ ጨርሶ ዘጋው፤ ቫዮሊኖቹ ብቻቸውን ሲጫወቱ እነሱም የሚጠብቁ መሰሉ። ቼሎ ጨመረ። ጥሩምባ ጨመረ። በስተመጨረሻ ትልቅ ከበሮ ጨመረ። በጨመረ ቁጥር ጥበቃው እየጠራ መጣ።

ፈራ። ለማንም አልተናገረም እንጂ በጣም ፈራ። ከስቱዲዮ ሲወጣም አልለቀቀችውም። ከሸዋ በር መስጊድ በኩል አዛን ሲሰማ፣ ሙአዚኑ አንዱን ሐረግ ጨርሶ ሌላውን እስኪያነሳ ባለችው ዝምታ ውስጥ ቆማ አገኛት። ለሶላት ሊታጠብ ኡዱ እያደረገ ውኃው ከእጁ ላይ ፈስሶ አለቀ፤ እሱ ግን ገና እያዳመጠ ነበር።

አግማስ በበኩሉ ሥራውን አድንቆ አልጠገበም። «አሁን ገና ዘፈን ሆነ!» አለ። «ያኛው ምን ነበር? ጭብጨባና ጉሮሮ። ይኼን ልቀቀውና ሰው ካፌ ውስጥ ማንኪያውን እንደያዘ ይቀራል።»

«በዚያኛው ግን ጉንፋን ይዞህ ነበር» አለው ጀማሉዲን።

አግማስ አንገቱን አከከ። «ማልቀስ ሌላ፣ ሥራ ሌላ። ሙሽራን ሳታለብስ ታወጣለህ?»

«ልብሱ ከሸፈናትስ?»

«የሞተ ሰውም ተሸፍኖ ነው የሚወጣው» አለ አግማስ፤ ያለው ነገር ግን ለራሱም ደስ አላለውም። ሁለቱም ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ጀማሉዲን ያን ሁሉ መሣሪያ የደራረበው ለውበቱ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያውን ቀረጻ የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይገባዋል፤ ዘፈኑ ያን ዕለት ሙሉ ነበር። ምንም አልጎደለውም። እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት ረውዳን ሐረጎ የሚያስወጣት ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው። ያን ቀረጻ ለሰው ማሰማት በራስ ላይ መመስከር ነው። ስለዚህ ደበቀው፤ አርባ ሁለት መሣሪያም ጫነበት።

ሁለት ወር ሳይሞላ እናቷ መጡ። እማማ ሰዒዳ ከሐርቡ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ በዚያው ልጃቸውን በበላው መንገድ ነው የመጡት። አስም አለባቸው። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ሰላምታውን እንኳ ለማለት መቀመጥ ነበረባቸው።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም፤ አረፍ ይበሉ እማማ» አለ ጀማሉዲን ውኃ እየቀዳ።

«የረውዳ ድምፅ እዚህ አለ አሉኝ» አሉ እማማ ሰዒዳ። «ፎቶዋ አለኝ። ድምፅዋ ግን የለኝም፤ እየጠፋብኝ ነው ልጄ። ላስታውሳት ስሞክር የእህቷ ድምፅ ይመጣብኛል።»

ጀማሉዲን የተጠናቀቀውን ዘፈን ከፈተላቸው። ቫዮሊኖቹ ተነሱ፣ ቼሎዎቹ ተከተሉ፣ ጥሩምባው ክፍሏን አናወጣት። አግማስ ጭንቅላቱን በምቱ ነቀነቀ። እማማ ሰዒዳ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ማሻአላህ፣ ያማረ ነው» አሉ ሲያልቅ። «ብዙ ሰው ለፍቶበታል።» ከዚያ ትንሽ አፈሩ። «ልጄ ግን ሩቅ ናት። ገበያ መሐል ሆና የምትጣራ ትመስላለች፤ ሰው ይጋርዳታል። እሷን ብቻዋን የለህም ወይ?»

«ያለው ይኼው ነው እማማ» አለ አግማስ ፈጠን ብሎ። ስለ ጓደኛው ብሎ ነው የዋሸው።

ጀማሉዲን «አዎ፣ ይኼው ነው» ቢል፣ ሴትዮዋ መርቀውት ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። የሚጠይቀው ሰው በምድር ላይ አይኖርም። ግን እኚያ እናት የልጃቸው ድምፅ ጠፍቶባቸው የእህቷ ድምፅ እየተተካባቸው ነው። እሱ ደግሞ ያንኑ ድምፅ ደብቆ ይዞታል፤ የረውዳ ትንፋሽ እንኳ ቀንና ማታ አልለይ ብሎታል። ለአንዷ የጠፋው ለሌላው በዝቶ እንዴት ይሆናል?

«አለ» አለ። አግማስ ቀና ብሎ አየው። ጀማሉዲን የረቡዑን ቀረጻ ከፈተ።

ጭብጨባ። ከዚያ ረውዳ፣ ልክ አጠገባቸው እንደተቀመጠች። ሁለት ስንኝ ብላ ዝም አለች። በዚያች ዝምታ እማማ ሰዒዳ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በቀጭን በተሰነጠቀ ድምፅ ተቀበሏት፦

«በይ እንጂ ዓለሜ፣ በይ እንጂ ልስማሽ…»

ሲጨርሱ ረውዳ ቀጠለች። አንዲት ምት እንኳ አልቀደመቻቸውም፣ አልዘገየችባቸውም። እንደገና ዝም አለች፤ እንደገና ተቀበሉ። በሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው መሐል ላይ ቆሙ፣ አየር ሳቡ፣ ጨረሱ። ረውዳም ያንኑ ያህል ጠበቀቻቸው።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ ያፍነኛል» አሉ እማማ ሰዒዳ። «ታውቃለች። ማሽላ ስናርም እሷ ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ትጠብቀኛለች።»

ጀማሉዲን ቀና ማለት አቃተው። አባቱ ቦሩ ሜዳ መንዙማ ሲያወጡ ጀማው ሲቀበል፣ እሱም ከተቀባዮቹ መሐል ተቀምጦ ነው ያደገው። የወሎ ዘፈን ዝም ሲል ተቀባዩን እየጠራ እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው። ኮምፒውተር ፊት አሥር ዓመት ሲቀመጥ ግን ዝምታ ሁሉ ያልተሞላ ባዶ ቦታ መሰለው።

ዘፈኑ አለቀ። እማማ ሰዒዳ ዐይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ።

«ይኼን መቼ ነው ያለችው?»

«መጀመሪያ የመጣች ቀን። ረቡዕ።»

«መጀመሪያ የመጣች ቀን» አሉ ደግመው። አሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደሱ ዞሩ። «ታዲያ ቅዳሜ ለምን መጣች?»

አግማስ ወለሉን ያይ ጀመር።

«እኔ ጠርቻት ነው» አለ ጀማሉዲን። «ዝም የምትልበት ቦታ ከቫዮሊኑ ጋር አልገጥም ብሎኝ። የመጀመሪያው አይበቃም ወይ ብላኝ ነበር። አይበቃም፣ አልቻልሽውም አልኳት። ችላው ነበር እማማ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።»

እማማ ሰዒዳ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም።

«አርብ ደውላልኝ ነበር። ‹እማ፣ ዘፈን የምችል መስሎኝ ነበር፣ ለካ አልችልም› አለችኝ። ከማን እንደሰማችው አላወቅኩም። ‹አብሽሪ፣ ሂጂና ሞክሪ› አልኳት። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አፉ በሉኝ እማማ። ወላሂ እኔ…»

«አትማል» አሉት። «መንገዱ ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ። ቀኗ ከሆነ ባትጠራትም አይቀርላትም። እሱን አልይዝብህም፤ አፉ ብዬሃለሁ።»

ጀማሉዲን ደረቱ ላይ ያለው ነገር ትንሽ ቀለለው። ሊያመሰግናቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሱ።

«አልቻልሽም ያልካት ግን የኔ አይደለም። እንደማትችል አምና ነው የሞተችው፤ ይኼ የሷ ሐቅ ነው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ነው አፉ የሚለው፤ እናትም ብትሆን በልጇ ፈንታ አትልም። እሱን እንግዲህ እዚያ ስትገናኙ ትጠይቃታለህ።»

ቀረጻውን ፍላሽ ላይ ገልብጦ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ተቀብለው በሻርፓቸው ጫፍ ቋጠሩትና ተነሱ። እስከ በሩ ሊሸኛቸው ፈልጎ ነበር፤ ግን ባለበት ቆሞ፣ ደረጃው ላይ አየር ለመሳብ ሲቆሙ እየጠበቀ አዳመጣቸው።