የጭብጨባው ጭራ

«የስንቱን ዘፋኝ ድምፅ ስታሳምሪ ኖረሽ፣ የአባትሽን አንዲት ቃል እንኳ አላስቀረሽም?» አለቻት አክስቷ፣ ከለቀስተኛው መሃል ጎትታ ወደ ልጅነት መኝታ ክፍሏ ካስገባቻት በኋላ።

ሙዚቃ አቀናባሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። 

ከሳሎን የአባቷ የሥራ ጓደኛ፣ የሽማግሌው አናጢ ድምፅ ይሰማል። «ሚሊሜትር እኮ የራሱን ሳጥን ቢያይ ኖሮ፣ ‹ይሄ ማዕዘን አልገጠመም፣ ፍቱልኝ!› ይለን ነበር።» ሰዉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ሚሊሜትር የሟቹ ቅጽል ስም ነው። ፀጉር ለምታህል ክፍተት የተገጠመ በር ነቅሎ እንደገና የሚሠራ ሰው ነበር።

ሴት ልጁም በሱ ወጥታለች።

የአባቷ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ሊፈርስ ሰሞን ማይክ ይዛ ሄደች። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው፣ ፕለጊን የሚሉት የማስተጋቢያ ፕሮግራም የአንድን ክፍል ጠባይ ይማራል። ክፍሉ ውስጥ አንዴ ይጨበጨባል፣ ግድግዳና ጣሪያው የሚመልሱት ይቀረጻል፤ ከዚያ ወዲያ የትም የተዘፈነ ዘፈን እዚያ ክፍል ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል።

«አባባ፣ አጨብጭብና ዝም በል።»

«ለማን ነው የማጨበጭበው?»

«ለግድግዳው።»

«ይገባዋል። ስንት ዘመን የመጋዝ ጩኸት የቻለ ነው።»

አጨበጨበ። ድምፁ በተደረደረው ጣውላ መሃል ዞረ፣ ቆርቆሮው ሥር ቀጠነ፣ ጠፋ። አባቷ ከዚያ በኋላ ነው፣ «በቃ ወይ፣ የኔ ልጅ?» ያለው። እሷ ያንን ጥያቄ እንደ ትርፍ እንጨት ቆርጣ ጣለችው። ለፕለጊኑ የሚያስፈልገው ጭብጨባው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያቀናበረችው ሁሉ፣ የሲንተሳይዘሩ ዜማም የዘፋኞቹም ድምፅ፣ በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ አልፏል። «ይሄን እንጨት እንጨት የሚል ድምፅ ከየት አመጣሽው?» ሲሏት፣ «ከፕለጊን» ትላለች።

«ጭብጨባው ብቻ ነው ያለኝ» አለች አሁን። «ንግግሩን እኔው ነኝ ያጠፋሁት።»

አክስቷ ትቆጣለች ብላ ጠበቀች። አክስቷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስቲ ያለሽን አሰሚኝ።»

ላፕቶፑን ከፍታ ማይኩን ሰካች። «ምሳ ይዘሽለት ስትሄጂ የወርክሾፑ በር ላይ ቆመሽ የምትዪውን በዪ።»

«እዚህ? አብደሻል?» አለች አክስቷ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንተ! እጅህን ታጠብ!»

ድምፁ በፕለጊኑ አልፎ ከስፒከሩ ሲወጣ፣ ወርክሾፑ ጣውላዎች መሃል የገባ መሰለ፤ ወዲያው ተቋረጠ።

አክስቷ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «እዚያው ነው! ግን አጠረ። የሱ ቤት እንዲህ ቶሎ ዝም አይልም ነበር።»

እውነቷን ነው። ልጅቷ የማስተጋባቱን መጨረሻ፣ እሷ ጭራ የምትለውን፣ የግጥሙን ቃላት እንዳይሸፍን በየዘፈኑ ታሳጥረዋለች። ማውሱን ይዛ እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። አክስቷ እንደገና ተጣራች።

«አንተ! እጅህን ታጠብ!»

አሁን ድምፁ ዞረ፣ ወደ ቆርቆሮው ወጣ፣ ቀጠነ። ሳሎን ያለው ወሬ ቆመ። ሽማግሌው አናጢ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለና እንደ ድሮው መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሊናገር ሲል ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

የመጨረሻው ጭራም ጠፋ። ከዚያ ጸጥታው መጣ፤ አባቷ «በቃ ወይ?» ያለባት ያቺው ቦታ።

ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ማይኩን ወደ አክስቷ መልሳ ገፋችው።