የእርምጃ ልክ

«የምሰማው የሻንጣዬን ዚፕ ነው» አለች አራሚዋ።

የለቀስተኞቹ ሹክሹክታ ተቋረጠ። ዚፑ መኝታ ቤት ውስጥ እስከ ጫፉ ተጎትቶ ቆመ። የባሏ ታላቅ እህት ከዚያው ሆና መለሰች።

«አዎ፣ ጥቂት ልብስ ያዝኩልሽ። ከነገ ወዲያ ሰው ሲቀንስ ወደኔ ቤት እንሄዳለን።»

«ማንና ማን?»

«እኔና አንቺ ነና። እዚህ ማን ሊያይሽ?»

ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሁድ ጠዋት ልቡ ድንገት ቆመ፤ እህትየው ግን ከዚያ ወዲህ ሥራ አልፈታችም። የጓሮዋን ክፍል አስጠርጋ አልጋ አስገብታለች፤ ለማተሚያ ቤቱ አለቃም ደውላ «ከእንግዲህ አትመጣም» ብላለች። ሰፈርተኛው ኮሎኔሏ ይላታል። የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ትእዛዝ ስትሰጥ ግን የሚከራከራት የለም።

«እትዬ፣ ለአለቃዬ እንዲደውሉ ማን ጠየቀዎት?»

«ታዲያ ማን ያደርስሻል? እሱ እንደሆነ ሄደ።»

አራሚዋ ከተወለደች ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት፤ በብሬል ማተሚያ ቤት እያንዳንዱን ገጽ በጣቷ ዳስሳ ስህተት ትለቅማለች። አንዲት ነጥብ አታመልጣትም። ሰው ሲያወራም ታርማለች፤ ባሏ «እኔንም አርመሽ አርመሽ ጨረሽኝ» ይላት ነበር። ግን ካገባች ወዲህ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድም አስፋልት ብቻዋን ተሻግራ አታውቅም። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ከሁለት አስፋልት ማዶ ነው።

«ሰው አይደለም፣ መልአክ ነበር» አለች አንዲት ጎረቤት ከፔርሙዝ ቡና እየቀዳች። «ሥራውን እንኳ የተወው ለሷ ብሎ ነው።»

ይኸ ስህተት ነው። ባሏ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ሥራ የተወው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከመሰላል ወድቆ ነው። አራሚዋ ሰምታ አለፈችው። በለቅሶ ቤት ሟች ይመሰገናል እንጂ አይታረምም።

ደግሞም ጥሩ መሪ ነበር፤ እሱን ማን ይክዳል? ክርኑን ይሰጣትና መንገዱን በጆሮዋ ያወራላታል። «ጉድጓድ፣ በግራ። ጭቃ። አሁን ደግሞ ያቺ ሐሜተኛ እየመጣች ነው፣ ፈገግ በዪ።» ትስቅ ነበር። ሱቅ ሲገቡ ግን ባለሱቁ እሷን ትቶ እሱን «ምን ትፈልጋለች?» ይላል፤ እሱም ይመልሳል። አንድ ቀን «ሰማያዊ ነው የምትወደው» ብሎ ሻርፕ ገዛላት። ሰማያዊ እወዳለሁ ብላው አታውቅም። ሰማያዊ ምን እንደሆነም አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ደረጃው ላይ የበትር ኳኳታ ተሰማ። የዓይነ ስውራን ማኅበራቸው አሰልጣኝ ነው፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው፤ ለሌሎቹ መንገድ መሄድ ያስተምራል። አራሚዋ ተነስታ ልትቀበለው ስትሄድ ኮሎኔሏ «ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል» አለች፤ ለራሷ ያለች መስሏት።

«ገደሉ የት እንዳለ ካወቅን ምን ቸገረን እናቴ፣ ዞረን እናልፈዋለን» አላት አሰልጣኙ። ከአራሚዋ አጠገብ ተቀምጦ አጽናናትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ ዓምና መሣሪያውን አልፈልግም ያልሽ ጊዜ ተቀይሜሽ ነበር።»

«የምን መሣሪያ?»

«መንገድ መሪውን ነዋ። ሦስት ዓይነት መጥቶልን፣ ሞክረሽ አንዱን እንድትወስጂ ስምሽ ወጥቶ ነበር። ባለቤትሽ ደውሎ ‹አንተ እያለህ ምን ያደርግልኛል ብላለች፣ ለሌላ ስጡት› አለን።»

ያን ምሽት ታስታውሰዋለች። ባሏ ብርቱካን እየላጠ «ስምሽ አልወጣም፤ ለወጣቶች ነው የሰጡት» ብሎ ግማሹን አጎረሳት። ድምፁ ያዘነ መስሏት «ይሁን፣ አንተ አለህልኝ» ብላ ያጽናናችው እሷ ነበረች። በሺህ ገጽ አንዲት ነጥብ የማታመልጣት ሴት ያንን ስህተት ከብርቱካን ጋር ዋጠችው። አሁን ፊቷ ነደደ።

«ውሸታም» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች ኮሎኔሏ።

«ወንድምዎ ውሸታም ነበር አልኩ።»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ።»

«እሆናለሁ። በቁሙ እንዳልወቅሰው ደብቆኝ ሞተ።»

«የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ» አለች ኮሎኔሏ። «አሥራ ስምንት ዓመት እጅሽን ይዞ ያደረሰሽን ሰው።»

«እጄን ይዞ አያውቅም። ክርኑን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «ሦስቱንም ነገ አምጣልኝ።»

«በለቅሶ ላይ?»

«ነገ ከዚህ ቤት ሊያስወጡኝ ነው። ከዚያ በፊት።»

ወዲያውም ለአለቃዋ ደውላ ሰኞ እገባለሁ አለች።

በማግስቱ ሦስቱ መሣሪያዎች በቡና ስኒዎቹ መሀል ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ለማልቀስ የመጣው ሰው ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋ። የመጀመሪያው ስልክ ነው። «ድምፁ ያምራል፣ ካርታውም ሰፊ ነው» አለ አሰልጣኙ። «ግን አንድ እጅሽን ይይዝብሻል፣ መስተዋቱ ዝናብ ሲነካው ጣትሽን አይሰማም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ አብሮ ይጠፋል።»

ሁለተኛው ካሜራ ያለው መነጽር ነው፤ ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አለው።

«ይኸን ውሰጂ» አለች ኮሎኔሏ። «ዓይንሽንም ይሸፍንልሻል።»

አራሚዋ አጠለቀችው። መነጽሩ «ሴት። ሴት። ወንበር። ሴት» አላት።

«ይኸንንማ ሳይነግረኝም አውቃለሁ» ብላ አወለቀችው። «መኪና ሲመጣ በየትኛው ጆሮዬ ልሰማ?»

ሦስተኛው በአንገት የሚንጠለጠል፣ ሳሙና የሚያክል፣ አምስት ቁልፍ ያለው ነው። ሁሉም ቁልፎች በአውራ ጣት ይለያሉ። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ቦታውን ከሳተላይት ያገኛል፤ ከደረት ላይ ሆኖ መታጠፊያ ሲደርስ ብቻ ይናገራል።

«ምን ያህል ይስታል?» አለች አራሚዋ።

«እስከ አምስት ሜትር።»

«አምስት ሜትር እኮ አስፋልቱ መሀል ነው።»

«ስለዚህ በትርሽን አትጥይም። እሱ የት እንዳለሽ ይነግርሻል። እግርሽ ሥር ያለውን በትርሽ ነው የሚነግርሽ፣ መኪናውን ጆሮሽ።»

«የላም ቃጭል ይመስላል» አለች ኮሎኔሏ።

«ቃጭል ያላት ላም አትጠፋም፣ እትዬ። ይኸን ወስጃለሁ። ሻንጣዬንም ይፍቱልኝ።»

«ስትወድቂ እንዳትጠሪኝ» ብላ ኮሎኔሏ ወጥ ቤት ገባች። ድስቱንና ክዳኑን ስታጋጭ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

አሰልጣኙ መሣሪያውን አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። «ትልቅ ሕንጻ ውስጥ ሳተላይቱ አያገኝሽም፤ ያኔ እርምጃሽን እየቆጠረ ነው የሚመራሽ። ልክሽን ይወቅ፤ ከዚህ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሂጂ።»

አራሚዋ መሄድ ጀመረች። ለቀስተኞቹ እግራቸውን ሰበሰቡላት። አሰልጣኙ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ቀኝ እግርሽን ምን ሆነሽ ነው? ትጎትችዋለሽ» አላት።

«እግሬ ደህና ነው» አለች ሳትቆም።

ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። ኮሎኔሏ እጇ እንደራሰ እየሮጠች ወጥታ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቀጥ አለች።

«እሱ መሰለኝ» አለች።

ያኔ አራሚዋም የራሷን እግር ሰማችው። አንድ እርምጃ፣ አንድ ጉተታ። ባሏ ከመሰላል ከወደቀ ወዲህ የሚራመደው እንዲህ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ክርኑን ይዛ ስትከተለው አካሄዱ ወደሷ ተጋብቷል። ከዚያ ውድቀት በኋላ የቀረው ሥራ እሷን ማድረስ ብቻ እንደነበር፣ ያንንም ሳሙና የሚያክል ነገር ሊነጥቀው መጥቶ እንደነበር ገባት። ንዴቷ አልወጣላትም። ናፍቆቱ ግን መጣባትና ግድግዳውን ያዘች።

«ይኸ ያንቺ እርምጃ አይደለም» አለ አሰልጣኙ። «ብቻሽን መሄድ ስትለምጂ ይረዝማል፣ ያን ጊዜ ቆጠራው ይሳሳትብሻል። ሰርዘነው በራስሽ እርምጃ ድገሚው።»

«ቆይ» አለች ኮሎኔሏ። ድምጿ የኮሎኔል አልነበረም። «መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ቅድሙ ሂጂልኝ።»

አራሚዋ መሣሪያው እንዳይቆጥረው ከአንገቷ አውልቃ ለአሰልጣኙ ሰጠችው። ከዚያ ዞራ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ በዝግታ ወደ እህትየው ተራመደች።