ሦስተኛው ፊርማ

ያጥፉት ትለኛለች ደግሞ፣ ዝም ብሎ ማጥፋት፣ ጋሼ ምንይችል ኮምፒውተሩ የትናንቱን ገጽ አስቀምጦ ነው የሚያሳይዎት፣ ካሹን፣ ያን ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ፋይል፣ ካላጸዱት አይታደስም፣ ይቺ ፅዮን፣ የጥገና ክፍሏ ልጅ፣ ማን መሰልኋት እኔ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር እንኳ ያለ ሦስት ፊርማ ከዚህ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። ጊዜያዊ ፋይል ነው እኮ ጋሼ፣ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻነቱን ማን መረመረ? በየትኛው ቃለ ጉባኤ?

ስክሪኑ ላይ ያው ነው፣ ምዝገባ አልተጀመረም፣ ጠዋትም አልተጀመረም፣ የመምህራን ዝውውር ምዝገባ ግን ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ይዘጋል፣ ባለቤቴ ወርቅውሃ ሩቅ አገር፣ ዛሪማ ታስተምራለች፣ እዚያ ኢንተርኔት ስለማይሠራ መዝግበኝ ብላኛለች፣ እሷ እዚያ ከልጃችን ጋር፣ እኔ እዚህ ማራኪ ሰፈር በኪራይ ክፍል ሽሮ እያሳረርሁ። አሁንም ደወለች፣ ምነው እስካሁን? በሥርዓቱ እየሄደ ነው አልኋት። ሥርዓትህን ለራስህ፣ ዛሬ ካለፈ ለከርሞ ነው፣ ልጅቱ አባቷ ስልክ ውስጥ የሚኖር ነው የሚመስላት፣ ሰማኸኝ አንተ ሰው? ሰማሁ።

የማስወገጃው ቃለ ጉባኤ ላይ እኔ ፈርሜያለሁ፣ አልማዝ ከፋይናንስ መጥታ እየሳቀች ፈርማለች፣ ምኑ ነው የሚያስቀው፣ ሦስተኛው የኮሚቴ አባል ወንድምአገኝ ግን ማክሰኝት ከተማ ለቅሶ ሄዷል፣ በሥራ ቀን! በስልክ ተስማምቷል በልና ጻፍ ይለኛል፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሙሾው እየተሰማ፣ በስልክ! የመንግሥት ንብረት በስልክ ይወገዳል? ና።

መጣ፣ ወደ ሥራ መውጫው ላይ፣ ጋቢውን እንደለበሰ፣ በሚኒባስ ተጣብቆ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያነብ ፈረመ፣ እንዲህ ነው ይህ አገር የሚጠፋው። ማኅተሙን መታሁ። በይ ፅዮን፣ አሁን በሕግ አግባብ አጥፊው። ሁለት ጊዜ ቁልፍ ነካ አደረገች፣ አለቀ፣ ምነው፣ የተሰበረ ወንበር ሲወገድ እንኳ ሰው ትንሽ ይቆማል።

ገጹ ታደሰ። ሸጋ። ምዝገባው ተዘግቷል።

ተዘግቷል? ሳይጀመር ምኑ ነው የሚዘጋው፣ ጉድ እኮ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አልተጀመረም ሲለኝ ውሎ፣ ማነው ተጠያቂው፣ ስልኩ ይጮኻል፣ እሷ ናት፣ ወንድምአገኝ መሬት መሬት ያያል፣ ፅዮን፣ የቅድሙን ገጽ መልሺልኝ፣ ጠፍቷል እኮ ጋሼ፣ እንዴት ይጠፋል፣ መልሺልኝ ነው የምልሽ፣ አልተጀመረም የሚለውን፣ እሱ ቢሆን አንብቤላት በሰላም አድር ነበር፣ ይኸን፣ ይኸን እንዴት ብዬ፣ ሃሎ፣ አቤት ወርቅዬ፣