የጉግሳ ሞተር

ፓስተራችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ባለ ቁጥር ዓይኑን እኔ ላይ ይጥላል። ይጣል። እኔ ሸዋረጋ ቂሜን እንደያዝኩ ሦስት ዓመት ጸልያለሁ፤ ሳልም ይዞኝ አያውቅም።

ቂሜ ከወንድም ዘለቀ ጋር ነው። ወንድም የምለው የቤተ ክርስቲያን ልማድ ሆኖብኝ እንጂ እንዲህ ያለውን ወንድም ለጠላቴም አይስጠው። ፒኮ ጎዳና ላይ በተከራየነው አዳራሽ ሽማግሌ ነው፤ በሥራ ቀን ደግሞ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ከጨረታ እየገዛ ይሸጣል።

ባለቤቴ ጉግሳ ሆቴል ደጃፍ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነበር። የራሱ የሚለው አንድ የሰባ ሞዴል ዶጅ ቻሌንጀር ብቻ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም። ከአንድ ነጭ ሽማግሌ በቁርጥራጭ ዋጋ ገዝቶት፣ ኖርዝ ሆሊውድ ጋራዥ ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈታ እየገጠመ ዓመታት ፈጀበት። «ያገባኸው እኔን ነው ቆርቆሮውን?» እያልኩ ስንት ቀን ተጣላሁት። በኋላ መኪናው ነፍስ ሲዘራ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የምሠራበት ሱቅ ድረስ ድራይቭ አድርጎ ይመጣና ደጃፍ ላይ ነዳጁን ይረግጠዋል። የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል። «ሰማሽው?» ይለኛል እንደ ልጅ እየሳቀ። መስማቴን እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ።

የዚህ ዓይነት መኪና ዋጋው ሞተሩ ነው። ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ከሆነ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ተቀይሮ ከሆነ ግን ያው አሮጌ መኪና ነው። የሚታወቀው ሞተሩ ላይ በተመታው ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ያለው ደግሞ ከሥር፣ ግራሶና ቀለም የሸፈነው ቦታ ላይ ነው። ጉግሳ የሸጠለትን ሽማግሌ አምኖ አንድ ቀን ፍቆ አላየውም።

ካንሰር አልጋ ላይ ሲጥለው መኪናውን አይቶ እንዲሸጥለት ዘለቀን ላከው። ዘለቀ ሄደ፣ ከሥር ገብቶ አየ፣ ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከእናቶች ኅብረት እትዬ እታለም ልትጸልይለት መጥታ እዚያው ነበረች። ዘለቀ የጉግሳን እጅ ይዞ መጀመሪያ ጸለየ። ከዚያ ነው የተናገረው።

«ወንድሜ፣ ሸውደውሃል። ሞተሩ የራሱ አይደለም።»

ጉግሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሞኝ ነበርኩ ማለት ነው» አለ። ዘለቀ እዚያው በማይረባ ዋጋ ገዛው። ጉግሳም ከዚያ ወዲያ የመኪናውን ስም ሳያነሳ ሞተ።

ለቅሶው እንኳን በቅጡ ሳይወጣ፣ በምስክርነት ሰዓት ዘለቀ ዓይኑን በጨው አጥቦ ማይኩን ያዘ። ጌታ ሥራውን እንደባረከለት፣ ሞተሩ የራሱ የሆነ ወይን ጠጅ ቻሌንጀር በማይታመን ዋጋ እንደሸጠ መሰከረ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። የእኔ ደም ግን ፈላ። ለገንዘቡ ብቻ ቢሆን ፊቱ ላይ ወርውሬለት በተገላገልኩ! ጉግሳ ግን ራሱን ሞኝ ብሎ ነው የሞተው። የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ በዚያው ማይክ፣ በራሱ አፍ፣ ለጉግሳ ዋሽቼዋለሁ እንዲል። ለፓስተሩ ከሰስኩ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዘለቀ አንድ ወይን ጠጅ መኪና ብቻ ነው ወይ ያለው ብሎ ካደ፤ እህት ሸዋረጋን ሐዘን ጎድቷታል አለ። ተጸለየልኝና ጉዳዩ ተዘጋ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ልጄ አቢጋኤል የአባቷን መኪና ስልኳ ላይ አየችው። ከዘለቀ የገዛው ሰው ፖሞና ከተማ ውስጥ ለጨረታ ሊያቀርበው ነው። ዘለቀ ከጨረታ እንደማይቀር አውቃለሁ። ደካማ ጎኑንም አውቃለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለሕንፃ ገንዘብ ስታሰባስብ ድፎ ዳቦ ለጨረታ ይቀርባል። ወንዶቹ ይፎካከራሉ፤ ከፍ ላደረገው እናቶች እልል ይሉለታል። ዘለቀ እልልታ ከሰማ እጁን ማውረድ አይችልም። የእትዬ እታለምን ድፎ በሰንጋ ዋጋ የወሰደ ሰው ነው። ሶ፣ ለእናቶች ኅብረት የጉግሳን መኪና አይተን እንምጣ፣ ልማዳችንንም እዚያ እንዳትረሱት አልኳቸው። ነጠላቸውን ለብሰው የቤተ ክርስቲያኑን ቫን ሞሉት።

አዳራሹ ባርኔጣ ባደረገ ነጭ ተሞልቷል። እኔም ተመዝግቤ የተጫራች ቁጥሬን ያዝኩ። ዘለቀ እኛን ሲያይ ክው አለ፤ ግን እናቶችን አንድ በአንድ ስሞ ሰላም አለና አጠገባችን ተቀመጠ። ወዲያው ወይን ጠጁ መኪና መድረኩ ላይ ወጣ። አጫራቹ ስለ መኪናው አነበነበ፤ አቢጋኤል ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተረጎመችው። ሞተሩ የራሱ ነው፣ ቁጥሩ ታይቷል፣ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ነው ይላል አለች።

እትዬ እታለም ቀስ ብላ ዞረች። «ዘለቀ፣ ያኔ አልጋው ላይ ተቀምጠህ ሞተሩ የራሱ አይደለም አላልከውም እንዴ?»

ላቡን ጠረገ። ተሳስቶ እንደነበር፣ ዛሬም የመጣው መኪናውን ገዝቶ ለእህት ሸዋረጋ ሊሰጣት እንደሆነ ተናገረ። ውሸቱን ነው። ሐሳቡ እዚያው ላንቃው ላይ ሲወለድ አይቼዋለሁ። እናቶች ግን የዋህ ናቸው፤ እልልታውን አቀለጡት። የአዳራሹ ሰው በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። የዘለቀ እጅ ተነሳ።

ከፊት ያለ አንድ ባለባርኔጣ ተፎካከረው። ዘለቀ እጁን ሊያወርድ ሲል እትዬ እታለምን ጎሸም አደርጋታለሁ፤ እልልታው ይቀልጣል፤ እጁ ይነሳል። አጫራቹም ነገሩ ገብቶት እልልታችንን ይጠብቅልን ጀመር። ለጉግሳ ከሰጠው ዋጋ አሥር እጥፍ ካለፈ በኋላ ባለባርኔጣው ራሱን ነቅንቆ ተወው። ዘለቀ እፎይ አለ።

ይኼኔ ቁጥሬን አነሳሁ።

«እማዬ፣ ላንቺ'ኮ ነው የሚገዛው!» አለችኝ አቢጋኤል ክንዴን ይዛ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ዘለቀ አየኝ። ምን እያደረግኩት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። እናቶች እልል አሉ፤ እጁን አነሳ። ደግሜ አነሳሁ። እልል አሉ፤ አነሳ። ከዚያ ቁጥሬን ከመቀመጫዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። መዶሻው ሲያርፍ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለመክፈል ለሽያጭ ያቆማቸውን መኪናዎች ቸበቸበ፤ የሚስቱም መኪና ተሸጠች። በእናቶች ፊት የተናገረውን መዋጥ ስላልቻለ፣ ቁልፉን በፊታቸው ሰጠኝ። እሰይ ብዬ ተቀበልኩት።

እሑድ ቻሌንጀሩን ራሴ ነድቼ ሄድኩ፤ አዳራሹ በር አጠገብ ፓርክ አደረግኩት። የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። ዘለቀ ማይኩን ያዘ። እንባውን እየጠረገ፣ ጌታ በሕልሙ ለመበለቷ መኪና ግዛላት እንዳለው፣ እርሱም ያለውን ሸጦ እንደታዘዘ መሰከረ። ሰው ሁሉ አሜን አለ፣ አጨበጨበ። ፓስተሩም አቀፈው። የጉግሳን ስም እንኳን አላነሳም! በበቀሌ ሊጸድቅበት ነው።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ገባሁና አስነሳሁት። ነዳጁን ረገጥኩት። በመስታወቱ በኩል ዘለቀ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይታየኛል። ለቀቅ ሳደርገው ይጀምራል፤ ስረግጠው ይውጠዋል። ሕፃናት በር ላይ ወጥተው ያጨበጭባሉ። ፓስተሩ አስተናጋጅ ላከብኝ።

«ይህ ሞተር የማን እንደሆነ በማይኩ ይንገራቸውና አጠፋዋለሁ» አልኩት።

ልጁ ተመልሶ ገባ። እትዬ እታለም ከመቀመጫዋ ተነስታ ዘለቀ ፊት ቆመች፤ ሌሎቹም እናቶች ተነሱ። ይህን ጊዜ እልል የሚል የለም። እንድሰማው ሞተሩን አጠፋሁ። የዘለቀ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወደ ውጭ መጣ።

«ሞተሩ የራሱ ነበር። ለጉግሳ ዋሽቼዋለሁ።»

መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ልዋሽ። አቢጋኤል ሮጣ መጥታ በመስኮቱ ብቅ አለች። «ሰማሽው፣ እማዬ?»

ሰምቻለሁ። ግን ቁልፉን መልሼ አዞርኩት። ጉግሳ ያለበት ሩቅ ነው፤ ጮክ ብሎ ይድገመው።